ሰማያዊ ሲሆን እደውላለሁ

ባለፈው ወር ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ መኪና ማቆሚያ አጥቼ በምግብ ቤቶቹ ጓሮ በኩል ስዞር፣ አንዲት ሴትዮ የኋላውን በር በእግሯ ገፍታ ወጣችና አንድ ባልዲ ቢጫ ውሃ መሬት ላይ ደፋች። መስኮቴ ክፍት ነበር። ሊጥ ሲቦካ ከላዩ የሚጠል ያ ውሃ ሽታው ሰተት ብሎ ገባ፤ ኮምጣጣ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽም ያልደረቀ ጨርቅ ጨርቅ የሚል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ አፌ ላይ "ሃሎ፣ ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ" የሚል ቃል መጥቶብኝ።

ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የእትዬ በላይነሽ ነው። እትዬ በላይነሽ የእናቴ አክስት ናት፤ እናቴን ያሳደገቻትም እሷ ናት። ከፌርፋክስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። እኔና እናቴ ፓልምስ ነበርን፤ እናቴ ካልቨር ሲቲ ቢሮ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እትዬ ጋ እውልና ወደ ማታ እናቴ በመኪና መጥታ ትወስደኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካሊፎርኒያን ድርቅ የመታበት ጊዜ ነው፤ ሳር ማጠጣት ነውር ሆኖ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሩን አድርቆ ጠጠር ያለበሰበት። በዚያ ሁሉ ጠጠር መካከል እትዬ በላይነሽ ውሃ የማይጠግብ አበባ ታሳድግ ነበር።

የአበባው ስም ሃይድሬንጃ ነው። እትዬ ግን አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም፤ "የጥሩነሽ አበባ" ነበር የምትለው። ጥሩነሽ ሲያትል የምትኖር ታናሽ እህቷ ናት። የጥሩነሽ ልጅ ሰናይት ስታገባ እትዬ ለሠርጉ ሲያትል ሄዳ፣ በእህቷ ግቢ አጥር ሥር ጥቅል ጎመን ጥቅል ጎመን የሚያካክሉ ሰማያዊ አበቦች አይታ ልቧ ተሰረቀ። ጥሩነሽም ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። እትዬ አምጥታ ከኩሽናዋ በር አጠገብ፣ ፀሐይ ጠዋት ጠዋት ብቻ የምትነካው ጥግ ተከለችው። ያዘላት። ያበበ ጊዜ ግን ሮዝ ሆኖ አረፈው።

እትዬ የተታለለች መሰላት። ስልክ አንስታ፣ ዋናውን ለራስሽ አስቀርተሽ ሌላ ነው የሰጠሽኝ አለቻት። ጥሩነሽ ሳቀች። ሲወራ እንደምሰማው ጥሩነሽ በሳቋ የታወቀች ናት፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳቅ ያመልጣታል ይሏታል። ያን ቀን ግን ሳቋ እትዬን አንገበገባት። ድሮም እንዲህ ናት፣ ልጅ ሆነንም የተሻለውን ጎን ለራሷ ታስቀርና የቀረውን አካፈልኩሽ ትል ነበር ብላ፣ የስንት ዘመን ነገር አንስታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ያ በበጋ ነው። የፈረንጆቹ ገና አለፈ፣ የእኛም አለፈ፣ ሁለቱ እህትማማቾች አልተነጋገሩም። እናቴ ለማስታረቅ ያልሞከረችው የለም። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሳ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ትላታለች፤ እትዬም አልሰማሁም ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ነገሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ እኮራ ነበር። ከእረፍት እንደተመለስን የሳይንስ አስተማሪያችን ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላ ውሃውን ብርጭቆ ላይ አደረገችና፣ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ሮዝ፣ ሳሙና ስትጨምርበት ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አበባ አለ፣ አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ሰማያዊ ያብባል፣ ካልሆነ ሮዝ ያብባል አለች። ስሙን ስትጠራው እጄን አወጣሁ። አክስቴ ጋ አለ፣ ግን እህቷ ስላታለለቻት ሮዝ ነው አልኩ። አስተማሪዬ ሳቀችና፣ ማንም አላታለላትም፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈሩ ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ የእኛ የሎስ አንጀለስ አፈርና የቧንቧ ውሃ ግን አይደለም ብላ አስረዳችኝ።

እትዬ ጋ ስደርስ ምስር እየለቀመች ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነገርኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። አንድ አበባ ነው እንዴ፣ እዚያም ያለው እዚህም ያለው፣ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አንድ ነው አልኳት።

"እንግዲያው ጥሩነሽን በከንቱ ነው የወቀስኳት" አለች።

ስልኩን አንስቼ ሰጠኋት። ልጅ ነኝ፤ ሰው ተሳስቶ ሲገኝ ወዲያው ይቅርታ ይላል ተብዬ ነው ያደግኩት። እትዬ ግን ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"በባዶ እጄ? አይሆንም። መጀመሪያ በዓይኔ ልየው። ሰማያዊ ሲሆን እደውላለሁ፤ ያን ጊዜ የፈለገችውን ያህል ትሳቅብኝ። አንቺ ደግሞ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ለእናቴ የማይነገርበት ምክንያት ግልጽ ነው። እናቴ ብትሰማ በዚያው ቀን ታስደውላታለች፤ እትዬ ደግሞ ተገፍታ ያደረገችው እንዲመስል አትፈልግም። እኔም ትልቅ ሰው ምሥጢር ስላካፈለኝ ኩራቴ ሌላ ነበር፣ አፌን ዘጋሁ።

አፈሩን ማኮምጠጥ የእኛ ሥራ ሆነ። በመጀመሪያ የጎረቤት ሎሚ ለቅመን ጨመቅን፤ ሎሚው አለቀ። ከዚያ እትዬ ጭንቅላቷን ያዘችና "ኮምጣጣ ነው ያለችሽ? ኮምጣጣ እኛ ዘንድ ጠፍቶ ያውቃል?" ብላ ተነሳች። ባለ ጎማ የገበያ ጋሪዋን፣ ክዳን ያለው ባልዲ ጭነን፣ እየጎተትን ፌርፋክስ ወዳለ ምግብ ቤት ጓሮ ሄድን። እዚያ እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ከሊጡ ላይ ቀድተው የሚደፉትን ቢጫ ውሃ ባልዲያችን ውስጥ ገለበጡልን። ምን ልታደርጊው ነው ሲሏት፣ ለእግሬ ነው፣ ያብጥብኛል ትላቸዋለች። አንዷ እውነት መስሏት እሷም እግሯን መዘፍዘፍ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ያ ጋሪ ነበር ሥራችን። መንገድ ላይ ባልዲው እየተንቦጫረቀ ጫማዬን ያርሰዋል፤ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያየን መንገድ ይሻገራል፤ ውሻው ግን ወደ እኛ ይጎትተዋል። ቤት ስንደርስ እትዬ የምስር ማጠቢያውን ውሃ ትቀላቅልበትና በቀስታ፣ ሕፃን እንደምታጥብ ዓይነት፣ ግንዱ ዙሪያ ታፈሳለች። ፎቅ ላይ የሚኖሩት መስኮታቸውን ዘጉ። የእኔ ልብስም ትምህርት ቤት ድረስ ያን ሽታ ይዞ ሄደ።

ውሃው አፈር ውስጥ እስኪሰርግ ድረስ ስልክ እንጫወታለን። እኔ ባዶውን ባልዲ ደፍቼ እቀመጥበታለሁ፤ ጥሩነሽ ነኝ። እትዬ የአፈር መጫሪያዋን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" እላለሁ።

"ሃሎ፣ ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

እኔ ማን ስላት ትናደዳለች፣ እህቴ እንዲህ አትልም፣ ድምፄን ታውቀዋለች ትለኛለች። ከዚያ ስለ ጤና ትጠይቀኛለች፣ ስለ ሰናይት ትጠይቀኛለች፣ አበባው ሰማያዊ ሆነልኝ እኮ ትለኛለች። እኔም እንደ ጥሩነሽ እስቃለሁ፤ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ከራሴ ፈጥሬ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትደናቀፋለች። "ያን ጊዜ የተናገርኩሽን..." ትልና ዝም። መጫሪያውን ከጆሮዋ አውርዳ ታየዋለች። "መስመሩ አይሰማም ዛሬ" ብላ አፈር ላይ ትሰካዋለች። ይቅርታን ለጨዋታ እንኳ ማለት አቃታት እያልኩ በልቤ እስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ቃሉን ለባለቤቱ እየቆጠበችው ነበር።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ቀልቶ ነበር። አለርጂ ነው አለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሻንጣ ስታዘጋጅ ጥቁር ቀሚሷን ስታጥፍ አየሁ። ሥራ ቦታ ሳክራሜንቶ ለስልጠና ልከውኛል፣ ቅዳሜና እሑድን እትዬ ጋ ትሆኛለሽ፣ እንዳታስቸግሪያት አለችኝ። ለእትዬ ስለ ጥቁሩ ቀሚስ ነገርኳት። "ጥቁር ያምርባታል" አለች እትዬ፣ ቆየት ብላም፣ ግን ለስልጠና ይህን ያህል ምን አስጌጣት ብላ ሳቀች።

ያን ቅዳሜ እንደተለመደው ጋሪያችንን ጎትተን ሄደን መጣን። ምን እንደነካን አላውቅም፣ ከሁሉም ቀን የበለጠ የሳቅነው ያን ቀን ነው። እኔ የጥሩነሽን ሳቅ እያሻሻልኩት ሄጄ እንደ ዶሮ ማስካካት ጀምሬ ነበር፤ እትዬም እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ሳቀችና፣ ቁርጥ እሷን፣ ቁርጥ እሷን አለች። ፎቅ ላይ ያሉት መስኮት ከፍተው አዩን።

እናቴ ሳክራሜንቶ አልነበረችም። ጥሩነሽ በዚያው ሳምንት በድንገት አርፋ ነበር፤ እናቴ ለቀብር ሲያትል ነበረች። ያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኛ አበባ ሥር እየሳቅን ሳለ፣ ጥሩነሽን ቀበሯት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ልቧን ታማ በዚያው ወር ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። እናቴና የምናውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ተመካከሩና፣ አሁን መርዶ ቢነገራት ልቧ አይችልም፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይነገራታል ብለው ወሰኑ። በክፋት አልነበረም፤ ወግ ነው። ግን መርዶ ይደበቅ የነበረው ባሕር ተሻግሮ ለሚኖር፣ ቢነገረውም ቀብር ለማይደርስ ሰው ነበር። እትዬን ግን ከሲያትል የሚለያት ሦስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ብቻ ነው። የአገር ቤቱን ደግነት ሳይለኩ እዚህ አምጥተው አለበሷት፣ አልሆናትም።

እኔ ከእትዬ የልብ ሕመም በቀር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር፤ የማየውን ግን አያለሁ። ምግብ ቤቱ ስንገባ ባለቤትየው ሙዚቃውን ይዘጋዋል፤ ሙዚቃ ለታመመ ልብ አይስማማም ማለት ነው ብዬ ወሰንኩ። ፌርፋክስ ላይ የሚያገኙን ሴቶች እትዬን ሲያቅፏት ቶሎ አይለቋትም። ቤተ ክርስቲያን እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ቆማ ሳለ፣ እትዬ በር ላይ ስትታይ ተሽቀዳድማ ገለበጠችው። ወደ ማታ ልትወስደኝ ስትመጣም መግባት ተወች፤ ከመኪናዋ ሳትወርድ ጥሩምባ ትነፋና ፈጠን በይ ትለኛለች። እትዬ በር ላይ ቆማ "ሂሩት፣ ሻይ እንኳ አትጠጪም?" ስትላት፣ ትራፊኩ፣ ሥራው፣ ትላታለች። ተጣልተዋል ብዬ ደመደምኩ። በእኛ ቤተሰብ ሰው ሲጣላ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ዝም ያለ ሁሉ የተጣላ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሐሳቤ እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩበት ቀን ደግሞ መጣ። እትዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ቤቷን ልናይ ሄድን። እኔ ውስጥ ቴሌቪዥን እያየሁ በኩሽናው መስኮት ሳይ፣ እናቴ ከቦርሳዋ አንድ ከረጢት አወጣች፤ ነጭ ዱቄት ማጠጫው ውስጥ ጨመረች፤ በእንጨት አማሰለችና የጥሩነሽ አበባ ሥር አፈሰሰችው። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እናቴ የእትዬን አበባ መርዝ አጠጣችው። ለእትዬ ልነግራት አስቤ፣ ልቧ ትዝ አለኝና ተውኩት። ለልቧ ብዬ ደበቅኳት፤ እንደ ትልልቆቹ።

ዱቄቱ መርዝ አልነበረም። አበባ መሸጫ የሚሸጥ፣ ሮዙን ወደ ሰማያዊ የሚመልስ መድኃኒት ነው። እናቴ የእትዬን የባልዲ ድካም አይታ፣ ሰማያዊ ልታደርገው እንደምትለፋ ገብቷት፣ እህቷን ልትሰጣት ስላልቻለች ሰማያዊውን ልትሰጣት ነው የፈለገችው። ከሰማያዊው በኋላ ስልክ እንዳለ አታውቅም ነበር።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ታዲያ አሁንም አልነገሯትም። ቁስሏ ይጠገን ተባለ። በዓል መጣ፣ በፋሲካ መርዶ ይነገራል እንዴ ተባለ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተባለ፣ ከሐኪሟ ቀጠሮ በኋላ ተባለ። መርዶውን እንዲያረዱ ከትልልቆቹ ሰዎች መሐል የተመረጡት ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ አንደበታቸው ለስላሳ ስለሆነ። እሳቸውም በመጡ ቁጥር እትዬ ደስ ብሏት ስታስተናግዳቸው እያዩ፣ ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ቀኑ በቆየ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

ትምህርት በሚዘጋበት ሰሞን አበባው ፈነዳ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ የጋዝ ምድጃ ነበልባል የመሰለ ሰማያዊ ያዘው። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመጣ እትዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጸጉሯን ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። እጄን ይዛ ወሰደችኝና አሳየችኝ። አበባውን በመዳፏ ከሥር ደግፋ ያዘችው። የእናቴ መርዝ እንዳልሠራ አይቼ እኔም እፎይ አልኩ።

"በይ ደውዪልኝ" አለች።

ቁጥሩን መታሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በሁለታችን መካከል ያዝኩት። እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ያነሳችው ግን ጥሩነሽ ሳትሆን ሰናይት ነበረች።

"ሰናይትዬ፣ እኔ ነኝ፣ አክስትሽ።"

ሰናይት፣ "አሁን ገና ነው የደወልሽው፣ እትዬ?" አለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

እትዬ ስለ ጠቡ መሰላት። "ልክ ነሽ፣ ቆይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እናትሽን አገናኚኝ፣ ሰማያዊ ሆነ በያት፣ ይገባታል።"

በዚያኛው ጫፍ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፣ ተዘጋ። ሰናይት እንደገና ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

"እትዬ፣ አጠገብሽ ማን አለ?"

"ሊዲያ አለች።"

"ትልቅ ሰውስ?"

እኔ እኮ ትልቅ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ የእትዬን ፊት አየሁ። ትልቅ ሰው አጠገብሽ አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ እሷ ራሷ ስንት ቤት ጠይቃዋለች። ምን ለማለት እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ባልዲዬ ላይ ቁጭ አለች።

"መቼ?" አለች።

"በጾሙ ጊዜ።" ሰናይት ማልቀስ ጀመረች። "እነ ሂሩት ከበዓል በኋላ እንነግራታለን ሲሉ፣ የነገሩሽ መስሎኝ... አኩርፈሽ የቀረሽ መስሎኝ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ሂሩት ቀብሩ ላይ ነበረች?"

"ነበረች።"

እኔም ሳክራሜንቶ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ግን ወደ እኔ አላየችም። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ፣ አለቻት ሰናይትን፣ ደጋግማ፤ ከዚያ ዝጊው አለችኝ። አልጮኸችም። ነጠላዬን አምጪልኝ አለችኝ፣ አመጣሁላት፣ ራሷ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ነበር፣ አጥፊው አለችኝ። ከዚያ ወጥታ የፊት ለፊት ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እናቴ እንደ ልማዷ መጥታ ጥሩምባዋን ነፋች። ቀና ስትል እትዬን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረጃው ላይ አየቻት። መኪናዋን ሳታጠፋ፣ በሯን እንደተከፈተ ትታ መንገድ መሐል ወረደች።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ኢንግልዉድ ያሉት ሳይቀሩ መጡ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለወራት ያመቁትን እናቴም ሌሎቹም አፈሰሱት። እትዬ መሐላቸው ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ጋሼ ታደሰ ለመርዶ ያዘጋጁትን ንግግር ለማጽናኛ ለማድረግ ሞከሩ። ስለ ልብዎ ብለን ነው፣ እርስዎን እንዳናጣ ፈርተን ነው አሏት።

"ልቤን ለማን ብላችሁ ነው ያተረፋችሁት?" አለች እትዬ።

ጋሼ ታደሰ ወደ እናቴ ዞሩ። እሷ ግን መልስ የምትፈልገው ሌላ ጥያቄ ነበራት። "የተቀበረች ለት እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?" ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። እናቴ መሬት መሬት አየች። ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ የሚያውቅ እጁን ያወጣል፤ እኔ ደግሞ አውቅ ነበር።

"አበባውን እያጠጣን ነበር፣ እትዬ" አልኩ ከጥግ። "ያን በጣም የሳቅንበት ቀን።"

እትዬ ራሷን ነቀነቀች፣ እንዳስታወሰች ሰው። "ሰማያዊ ሲሆን እደውላለሁ ብዬ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።" እናቴ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ የኩሽናውን በር አየች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለ ዱቄቱ ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ሰማያዊ ያደረገው ያ ሁሉ ባልዲ ነው ብላ እንድታምን እትዬን ተውናት።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ ጠራችኝ። አበባዎቹ ጫፋቸው መጠውለግ ጀምሯል። ባልዲውን ደፍታ አስቀምጣልኛለች። ተቀመጪ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። መጫሪያውን ከአፈሩ ነቅላ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። እስክጀምር ጠበቀችኝ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አልኩ።

"ሃሎ፣ ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ።"

እኔ ማን አላልኩም። ስለ ጤናም ስለ ሰናይትም አልጠየቀችኝም።

"ያን ጊዜ የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ። አፈሩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። በሰውም በእግዜርም ፊት አንቺ አላታለልሽኝም። ቶሎ ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር፣ ጥሩዬ፣ አልደወልኩም። ይቅር በይኝ።"

መጫሪያውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ተራው የእኔ ነበር። የምትጠብቀው ሁለት ቃል ነው፤ አውቀው ነበር፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ጥሩነሽ ሞታለች፤ በሞተ ሰው ድምፅ መናገር ኃጢአት ይመስለኝ ነበር፣ እሷንም የማስቀይማት መሰለኝ። አፌ አልከፈት አለ። እትዬ መጫሪያውን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ፤ ረጅም ጊዜ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ከጆሮዋ አወረደችው፣ አፈር ላይ መልሳ ሰካችው፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

"መስመሩ አይሰማም ዛሬ" አለች። "ሌላ ቀን እንሞክራለን።"

ሌላ ቀን አልሞከርንም። ጋሪውንም ከዚያ በኋላ አልጎተትነውም። በሚቀጥለው ዓመት አበባው ሮዝ አበበ፣ እትዬም ከኩሽናዋ በር ቆማ አየችውና ተመልሳ ገባች።